ግድግዳችንን መቼ እናጠጣው?

ደሴ ላይ ቤት ሊጀምሩ ላሰቡና ጀምረው ላቆሙ ሰዎች የተደረገ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ ያላችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ፤ ማይኩን ብዙም አላምነውም። ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ብሎኬቶችና ጠርሙሶች በኋላ እመጣባቸዋለሁ፤ ለጊዜው አትነካኩብኝ።

ብዙ ሰው ስለ ግድግዳ ሲያማክረኝ የሚጠይቀኝ ስለ ቀለም ነው። "ኳርትዝ ይሻላል ወይስ ፕላስቲክ?" ይለኛል። ቀለም የመጨረሻው ጉዳይ ነው። ዋናው ጉዳይ ውሃ ነው። ግድግዳ መጀመሪያ ላይ ውሃ የሚጠማበት ጊዜ አለው። ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ግን ዕድሜ ልኩን ውሃ አይፈልግም። እኛ ነገሩን ገልብጠን ይዘነዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ሲሚንቶው ውሃ ሲፈልግ "ውሃ የለም፣ ጀሪካን ውድ ነው" ብለን እንነፍገዋለን። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከጣሪያው፣ ከመሠረቱ፣ ከጓሮው ገደል እስኪጠግብ እናጠጣዋለን። ዛሬ የምለው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ከዚህ አይወጣም።

ከመሬቱ ልጀምር። ከተማችን ጦሳ ተራራ ሥር የተለጠፈች ናት። ደልዳላ ቦታ የደረሰው ሰው እድለኛ ነው። ለአብዛኞቻችን የደረሰን ተዳፋት ነው። ስለዚህ መሬቱን እንቆርጣለን። ከፊት ደልዳላ ይወጣል፣ ከኋላ ሁለትና ሦስት ሜትር የተቆረጠ አፈር ይቆማል። ቦታዋ ጠባብ ናት፣ ካርታው ላይ ያለችው ካሬ አታወላዳም። እናም የመኝታ ቤቱን የኋላ ግድግዳ እዚያው ከአፈሩ ጋር አጣብቀን እንሠራዋለን። በነሐሴ ግድግዳው ሲያልበው፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለው ልብስ ሻጋታ ሻጋታ ሲሸት፣ "ለሳኙ ነው ያበላሸብኝ" እንላለን። ለሳኙ ምን ያድርግ?

ብሎኬት አፈር እንዲይዝ የተሠራ አይደለም። ውስጡ ባዶ ነው። ከላይ ጣሪያ ቢጫነው ይችላል፤ ከጎን ሲገፋ ግን አቅም የለውም። ደረቅ አፈር ያን ያህል አይገፋም። ውሃ የጠጣ አፈር ግን ሌላ ነገር ነው። ክብደቱ ይጨምራል፣ እርስ በርስ መያያዙ ይላላል፣ በዚያ ላይ መውጫ ያጣው ውሃ ራሱ ግድግዳውን ይገፋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደሴ ውስጥ ግንብ ፈረሰ ሲባል የምንሰማው ለዚህ ነው። ግንቡ ጥቅምት ላይም ያው ግንብ ነበር። የተለወጠው ከኋላው ያለው ውሃ ነው።

ስለዚህ ከገደሉ ሥር ለብቻው የሚቆም የድንጋይ መያዣ ግንብ ያስፈልጋል። ይህ ከቤቱ ግድግዳ ጋር አንድ አይደለም። የግንቡ ታችኛው ስፋት ቢያንስ የቁመቱን ግማሽ ያህል ይሁን። ሁለት ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ ከታች አንድ ሜትር ስፋት ይፈልጋል ማለት ነው። ይህን ስል አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁ ሲጠቁር እያየሁ ነው። አዎ፣ ድንጋይ ይበላል። ከሁለት ሜትር ካለፈ ደግሞ በእኔ ንግግር ተማምናችሁ አትሥሩ፤ ቦታውን አይቶ የሚያሰላ መሐንዲስ አምጡ። ግንቡ ላይ የውሃ መውጫ ቱቦ በየሜትር ተኩሉ፣ ቢበዛ በየሁለት ሜትሩ ይተው። ከግንቡ ጀርባ አፈር ሳይሆን ጠጠርና ድንጋይ ይሞላ፤ ውሃው ወደ ቱቦው ይወርዳል። ከገደሉ አናት ላይ ደግሞ ቦይ ይቆፈር። ግንበኛው ሁሉን አሳምሮ ሠርቶ የውሃ መውጫውን የረሳበት ግንብ ብዙ አይቻለሁ። ከዚያ የባሰም አለ። ቱቦዋን ያስቀምጣታል፣ ባለቤቱ ደግሞ "ግንቡን አስቀየመችብኝ" ብሎ በሲሚንቶ ይደፍናታል።

በግንቡና በቤቱ መሀል ሰው የሚያልፍበት ክፍተት ይተው። አንድ ሜትር ከተገኘ ደግ ነው። "ቦታዬ ቀነሰ" የሚል ሰው መኝታ ቤቱን ሻጋታ ሲይዘው ክፍሉን ሙሉ እንደሚያጣው ያስብ። አሸንዳውንም አትርሱ። የላይኛው ቤት አሸንዳ የታችኛው ቤት ግድግዳ ላይ እያፈሰሰ ስንት ጎረቤት ሳይነጋገር እንደሚኖር እናንተው ታውቃላችሁ። ወንድሞቼ፣ ውሃው ወደ መንገዱ ቦይ ይውረድ። እዚህ ላይ ሽማግሌ ከመላክ ቱቦ መግዛት ይረክሳል።

ደልዳላ ቦታ የደረሳችሁም ብዙ አትዝናኑ። አፈሩ ጥቁር ኮትቻ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለው። ኮትቻ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በዓመት አንዴ መሠረታችሁን ብድግ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ጥሩው መንገድ ቆፍሮ ማውጣትና በንብርብር እየተጠቀጠቀ ገረጋንቲ፣ ማለትም ጠጠራማ አፈር፣ መሙላት ነው። ሲሞላም አንዴ ገልብጦ ላዩን መርገጥ አይሆንም። ሃያ ሃያ ሳንቲ ሜትር እየተደረገ ይጠቅጠቅ።

መሠረቱ ካለቀና ግሬድ ቢሙ፣ ማለትም በመሠረቱ ላይ የሚዞረው አርማታ፣ ከተሞላ በኋላ፣ የመጀመሪያው ብሎኬት ከመቀመጡ በፊት፣ አንድ ርካሽ ነገር አለ። ሬንጅ መቀባት ወይም ወፍራም ላስቲክ ማንጠፍ። የመሬት እርጥበት ከታች ወደ ላይ ይሳባል። በየቤታችሁ ከዞኮሎው፣ ከግድግዳው ግርጌ ከሚዞረው ጠርዝ፣ በላይ ጉልበት ድረስ ቀለሙ የሚላጥ፣ ነጭ ጨው የሚተፋ ግድግዳ አለ አይደል? እሱ ነው። አንዴ ቤቱ ካለቀ በኋላ ይህን ማከም ከባድ ነው፤ ቀለም ደራርቦ መቀባትም አያድነውም። በጊዜው ግን የአንድ ጠዋት ሥራ ነው።

አሁን ብሎኬቶቹን እንያቸው። ሁለቱም መልካቸው አንድ ነው። ይቺን በሚስማር ጫር ሳደርጋት አያችሁ? አሸዋዋ ይራገፋል። ይቺኛዋ መስመር ብቻ ነው የያዘችው። ሁለት ብሎኬት ብታጋጩ ጥሩው ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ደካማው ድፍን ብሎ ጥግ ጥጉ ይረግፋል። ልዩነቱ ሲሚንቶ ብቻ አይደለም። ብሎኬት ከተመረተ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ውሃ መጠጣት አለበት። ብዙ አምራች ግን ዛሬ አምርቶ በሦስተኛው ቀን ፀሐይ የመታውን ይሸጥላችኋል። ስትገዙ ዋጋ ብቻ አትጠይቁ። "መቼ ተመረተ፣ ስንት ቀን ጠጣ?" በሉ። ቦታ ካላችሁ ቀደም ብላችሁ ገዝታችሁ ራሳችሁ አጠጡት፤ ከተመረተ 28 ቀን ሲሞላው ወደ ግድግዳ ይግባ።

መጠኑን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ርዝመቱ 40፣ ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ውፍረቱ 20፣ 15 ወይም 10 ይሆናል። ለውጭ ግድግዳ 20 ቁጥር፣ ለመካፈያ 15፣ ለትንንሽ ክፍልፋይ 10። ለአንድ ካሬ ሜትር 12 ተኩል ብሎኬት ያዙ። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ግድግዳ 150 ይፈልጋል። በርና መስኮቱን ቀንሱ፣ ለሚሰበር ትንሽ ጨምሩ። ሂሳቡ ይኸው ነው፤ ፎርማኑ ከዚህ በጣም ከራቀባችሁ ምክንያቱን ጠይቁት።

ወደ ጠርሙሶቹ ልምጣ። ሁለቱም ውስጥ አሸዋ፣ ውሃና ቆንጠር ያለ ጨው አለ። ጠዋት ናጥኳቸው፣ ከዚያ አስቀመጥኳቸው። አሁን ከአሸዋው በላይ የተኛውን ቡናማ ንብርብር እዩት። ደለል ነው። በዚህኛው ክር ታክላለች። በዚያኛው ግን ጣት ታክላለች። በእኛ አገር ደረጃ የአሸዋ ደለል ከመቶ 6 ካለፈ አሸዋው ይታጠባል፣ አለዚያ ይጣላል። ደለል አሸዋውን ሸፍኖ ሲሚንቶው እንዳይይዘው ያደርጋል። ውሃም ይሻማል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ሻጩ "የወንዝ አሸዋ ነው፣ ንጹሕ ነው" ይላችኋል። ክርክር አትግጠሙ። ሲኖትራኩ ሳይገለብጥ አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ሙሉ፤ ጠርሙሱ ይፍረድ።

ድብልቁን በአካፋ አታስቆጥሩ። የአንዱ አካፋ ሙሉ ነው፣ የሌላው ጎደሎ ነው፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ሁሉም ይቀንሳል። ሣጥን አሠሩ፤ 50 በ40 በ18 ሳንቲ ሜትር ሣጥን አንድ ከረጢት፣ ማለትም 50 ኪሎ ሲሚንቶ የሚይዝ ነው። ለግንባታ አንድ ሲሚንቶ ለአራት ሣጥን አሸዋ እጠቀማለሁ፤ ለውጭ ልስን አንድ ለሦስት። ሲሚንቶ በበዛ ቁጥር ይጠነክራል የሚል እምነት አለ። ልስን ላይ እንዲያውም ብዙ ሲሚንቶ ብዙ ስንጥቅ ነው። አንዴ የተቦካውን ደግሞ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጨርሱት። እየደረቀ ሲመጣ ውሃ ጨምሮ ማለስለስ የሞተውን ማስነሳት ነው፤ አይነሳም። ግንበኛው ምሳ ሲሄድ የተቆለለ ድብልቅ ትቶ ከሄደ ያ ድብልቅ አልቆለታል።

ስለ አገነባቡ ብዙ አልልም፤ ቱንቢና ውሃ ልክ የያዘ፣ ሲባጎ የወጠረ ግንበኛ ካላችሁ ግማሹን አልፋችኋል። ከላይ ያለው ብሎኬት ከታች ያሉትን ሁለቱን ይርገጥ፣ መገጣጠሚያው ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር አይሁን። በአንድ ቀን ከ1 ሜትር ከ50 በላይ አትገንቡ። አዲሱ የሲሚንቶ ድብልቅ ሳይጠና ክብደት ይበዛበታል።

መብራት የሚዘረጋው ሰው ከልስን በፊት ይምጣ። ግድግዳውን በአግድም ሲፈለፍል ካያችሁት አስቁሙት። ወደ ታችና ወደ ላይ ብቻ።

አሁን ወደ ማጠጣቱ። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ ይመስለናል። አይደለም። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውሃን እየተጠቀመ ነው። ውሃው ቶሎ ከተነነበት መጠንከሩን ያቆማል፤ በኋላ ብታጠጡትም ያጣውን ሁሉ አይመልስም። አሁን በብዛት የምንጠቀመው ፒፒሲ የሚባለው ድብልቅ ሲሚንቶ ደግሞ ኦፒሲ ከሚባለው ንጹሕ ሲሚንቶ ዘግየት ብሎ የሚጠነክር ነው፣ ስለዚህ ማጠጣቱ መርዘም አለበት። ሰባት ቀን ትንሹ ነው፣ አሥር ቀን ቢሆን እሰየው። እዚህ ደሴ ደመናና ጉም ያግዘናል። ኮምቦልቻ ግን 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ርቃ ከእኛ ስድስትና ሰባት መቶ ሜትር ዝቅ ትላለች። የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ጃኬታችሁን እንደምታወልቁት ግድግዳውም እዚያ ቶሎ ይደርቃል። ደሴ ላይ ጠዋትና ማታ የሚበቃው ግድግዳ ኮምቦልቻ ላይ ቀትርንም ጨምሮ ይፈልጋል። እርጥብ ጆንያ ማልበስም ጥሩ ነው። የኮምቦልቻ ሰዎች ልስን ስትለስኑ ፀሐይ የሚያርፍበትን ጎን ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ብትሠሩት ይመረጣል።

አንድ ነገር ልለይ። ብሎኬትን ከመገንባቱ በፊት በርሜል ውስጥ አትዝፈቁት። እሱ የሸክላ ጡብ ሕግ ነው። ጠግቦ የገባ ብሎኬት በኋላ ሲደርቅ ይኮማተርና መገጣጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። ፀሐይ ካጋለው ፊቱን ረጨት ማድረግ ይበቃል። መጠጣት ያለበት ሲመረት ነው፣ ከዚያ ደግሞ ከተገነባ በኋላ።

"ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው፣ ምን እናድርግ?" የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ግንባታ ሲጀመር የመጀመሪያው ግዢ በርሜል ይሁን። ሰው ሲሚንቶ ለመግዛት ይበደራል፣ ሲሚንቶውን ሲሚንቶ ለሚያደርገው ውሃ ግን በጀት አይዝም።

ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ትንሽ ልበል፤ እኛ ያለነው በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ ላይ ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ካራ ቆሬ አካባቢ ከባድ መንቀጥቀጥ ደርሶ ማጀቴ መንደር ፈርሳለች። ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። ይህን የምለው ላስፈራራ አይደለም። ቤቱን የሚያተርፉት ነገሮች ብዙም ውድ አይደሉም። የአርማታ ምሰሶ ሲሞላ በየሁለትና ሦስት ረድፍ ብሎኬት ቀጭን ፌሮ ብቅ ይበል፤ ግድግዳው ሲገነባ መገጣጠሚያው ውስጥ ይግባ። ከበርና ከመስኮት በላይ የሚሞላው አርማታ በየመስኮቱ ተቆርጦ አይቅር። ቤቱን ሁሉ እንደ መቀነት ይዙር። ከላይም ቶፕ ታይ ቢሙ፣ ማለትም የግድግዳውን አናት የሚያስረው አርማታ፣ ይዙር። ፎቅ የሌለው ቤት ስለሆነ ብላችሁ አትናቁት። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 እንዲህ ያለውን መኖሪያ ቤት በቀላሉ ምድብ ውስጥ አስገብቶት ነበር፤ መሬቱ ግን ምድብ አይመርጥም።

ልስን። ሦስት ጊዜ ነው የሚመታው። መጀመሪያ ቀጠን ያለ ድብልቅ በኃይል ይረጫል፤ ሻካራ ሆኖ ይቀራል። ቀጥሎ ማስተካከያው ይመጣል፣ በመጨረሻ ማለስለሻው። ድምሩ ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር። ግድግዳው ጠማማ ከሆነ ለሳኙ በልስን ሊያቃናው ይሞክራል፤ አምስት ሳንቲ ሜትር ልስን አንድ ቀን ይረግፋል። የግንበኛን ጥፋት ለሳኝ እንዲሸፍን አትፍቀዱ። ብሎኬትና አርማታ የሚገናኙበት መስመር ላይ ከልስን በፊት የሽቦ መረብ፣ የዶሮ ሽቦ የምንለውን፣ ምቱበት። አለዚያ በየምሰሶው ጎን ቀጥ ያለ ስንጥቅ ይወጣል፤ ሁለቱ ሲሞቁና ሲደርቁ እኩል አይንቀሳቀሱምና። ልስኑም ሰባት ቀን ይጠጣ። ከዚያ በጣታችሁ አንኳኩት። ባዶ ድምፅ የሰጠው ቦታ አልያዘም፤ ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ይነሳና ይደገም።

ስንጥቅ ማንበብንም ልመዱ። የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ስንጥቅ የልስን ነው፤ ያስከፋል እንጂ አያሰጋም። በምሰሶ ጎን ቀጥ ብሎ የሚወርደው አሁን የነገርኳችሁ ነው። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በደረጃ ደረጃ በሰያፍ የሚሄደው ግን ከመሠረት ነው። እሱን በስቱኮ አትድፈኑት። በእርሳስ ጫፍና ጫፉ ላይ ቀን ጻፉበት፣ ክረምት አልፎ እዩት። ከረዘመ ባለሙያ አምጡ።

እዚህ ላይ አንዲት እናት እጃቸውን አነሱ።

"ልጄ፣ አንተ ብሎኬት ብሎኬት ትላለህ። እኔ ያለኝ የጭቃ ቤት ነው። ልጆቼ በሲሚንቶ አስለስነውልኝ በሁለተኛው ክረምት ተገሽልጦ ወደቀ። አሁንስ ምን ላድርግ?"

እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ እንዲያውም ዋናው ጥያቄ ይኼ ነው። ደሴ ውስጥ ስንቱ ቤት የጭቃ ነው! የጭቃ ቤት ድሃ ቤት አይደለም። በደሴ ብርድ ከብሎኬት ይሻላል፤ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። ሲሠራም አዋቂ ይፈልጋል። ንጹሕ ኮትቻ ከሆነ ይሰነጣጠቃል፣ አሸዋ ከበዛው አይያያዝም፤ በመዳፍ ሲድቦለቦል ሳይቆረስ የሚረዝም አፈር ይመረጣል። የጤፍ ጭድ ይገባበታል፣ ይረገጣል፣ ተሸፍኖ ቀናት ይከርማል፣ እንደገና ይረገጣል። ሲከርፋ ነው የደረሰው። ጭዱ ምን ይሠራል? ጭቃው ሲደርቅ መኮማተሩ አይቀርም። ጭዱ አንዱን ትልቅ ስንጥቅ ወደ ብዙ ትንንሽ ይበትነዋል፤ ትንንሹን ሁለተኛው ምርጊት ይሞላዋል። ለዚህ ነው እናቶቻችን የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ እስኪሰነጣጠቅ ድረስ የሚታገሡት። አሁን ግን ወንፈሉ ቀርቶ በኮንትራት ሆነ፤ ኮንትራክተሩ ደግሞ በሳምንቱ ይለስናል።

የሲሚንቶው ልስን ለምን ወደቀ? ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ይህን አይከተለውም። ይለያዩና በመሀላቸው ክፍተት ይፈጠራል፤ በስንጥቁ የገባው ውሃ ደግሞ መውጫ ያጣል። ላብ በላብ በሆነ ሰው ላይ ላስቲክ ካፖርት እንደማልበስ ነው። ከውጭ ቤቱ ያማረ ይመስላል፤ ውስጥ ግን ቋሚውና ማገሩ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይገባል። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ስላለ ምስጡ ይብሳል።

ስለዚህ እማማ፣ የረገፈውን ሲሚንቶ ያስወግዱት። የቋሚዎቹን እግር ያስፈትሹ። በቢላ ሲወጋ የሚገባለት ቋሚ አብቅቷልና ይለወጥ፤ አዲሱ የጥድ ወይም የወይራ ቢሆን ጥሩ፣ ባህር ዛፍ ከሆነም ልጡ ተልጦ የደረቀ ይሁን፣ መሬት የሚገባው ጫፉ የተቃጠለ ዘይት ይቀባ። ከዚያ በጭቃና በጭድ ይመረግ፣ ላዩን ደግሞ በኖራና በአሸዋ ያስለስኑት። ኖራ እንፋሎት ያሳልፋል፣ ከጭቃው ጋር ይስማማል። ልጆችዎ "ሲሚንቶ ካልሆነ" ካሉ ደግሞ ቢያንስ መጀመሪያ የዶሮ ሽቦ በሚስማር ከእንጨቱ ጋር ይመታ፤ ታችኛው ክፍል ላይ ግን ባይሆን እመርጣለሁ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሁለት ነገር ይሠራ። ጣሪያው ከግድግዳው ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ወጣ ይበል። ከሥር ደግሞ ጭቃው ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በድንጋይ ግንብ ላይ ይቁም። ግንቡ አሁን ከሌለ በዙሪያው ቦይ ይቆፈርና ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ ግድግዳው ላይ እንዳይረጭ ጠጠር ይደፋበት። እግሩ ያልረጠበ፣ ራሱ የተሸፈነ የጭቃ ቤት ከልጅ ልጅ ይተላለፋል። ልጆችዎን አይቆጧቸው፤ በፍቅር ነው ያደረጉት።

ከኋላ አንድ ወጣት ስለ ጀሶ ጠየቀ። ጀሶ ለውስጥ ነው። ለደረቅ ክፍል ያምራል፤ መታጠቢያ ቤትና የውጭ ግድግዳ ላይ አይገባም። ቶሎ እንዲጠና ብለው ጀሶን ከሲሚንቶ ጋር የሚያቦኩ ለሳኞች አሉ። እሱን እንዳትፈቅዱ። ሁለቱ ተደባልቀው እርጥበት ሲያገኙ ቆይተው ያብጣሉ፣ ልስኑን ይፈነቅሉታል። የሲሚንቶው ልስን በደንብ ሳይደርቅም ጀሶ አይመታበት።

ሌላው ጠያቂ ከኮምቦልቻ ድረስ የመጣ ወንድማችን ነው። "ጣሪያ የማለብሰው በሚያዝያ ነው፣ ለመስቀል ልገባ እችላለሁ ወይ?" አለ። ጣሪያው ካለ የውስጥ ልስን በክረምት መሥራት ይቻላል፤ እንዲያውም ማጠጣቱ ይቀልልሃል። የውጭውን ግን ከሰኔ አጋማሽ በፊት ካልጨረስክ መስከረም አልፎ ይሁን፤ ትኩስ ልስን ዝናብ ያጥበዋል። ቀለሙን በተመለከተ፣ ልስን ቢያንስ አራት ሳምንት ይደርቅ። በክረምት የተለሰነ ደግሞ አራት ሳምንት አይበቃውም። እርጥቡ ውስጥ እንዳለ ከተቀባ ጨውን ይዞ ይወጣና ቀለሙን ይልጠዋል። መድረቁን ለማወቅ አንድ ክንድ የሚሆን ላስቲክ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ዙሪያውን ለጥፈህ እደር። ጠዋት ላስቲኩ ውስጥ ጤዛ ካየህ ገና ነው። ስለዚህ ለመስቀል መግባት ትችላለህ፣ ቀለም ሳትቀባ። ለገና ትቀባዋለህ። እንግዳ ከመጣም "ግድግዳው እየደረቀ ነው" በለው።